ሌላ ካለ ይገለጽ

ገነነ ሜትሩን የሚይዘው በግራ እጁ ነው። ቀኙን ለእስክሪብቶ ይቆጥባታል። ሦስት መስመር ከጻፈ ሙሉ ቀን ሲቆፍር የዋለ ያህል ጣቶቹ ይዝላሉ፤ ሰው እያየው ከሆነ ደግሞ ያልባቸዋል።

ተወልዶ ያደገው ጨንቻ ደጋው ላይ ነው። ከሸማኔ ቤት ወጥቶ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ሲቀላ ገበያ ውስጥ ኩንታል ሲሸከም ቆየና አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሲከፍት በጥበቃነት ገባ። ያን ጊዜ ቤት አስይዞ መበደር የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ኢንጂነሩ ራሱ ከሀዋሳ ይመጣ ነበር። ሆቴል ያድራል፤ ጠዋት ቤቱን ዞሮ ያያል፤ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፤ ከጎረቤት ጋር ሳይቀር ያወራል። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝለት ገነነ ነበር።

በሁለት ሺህ አራት ግን አሠራሩ ተለወጠ። ተበዳሪው በዛ፣ መንገዱ ረዘመ ተባለና ኢንጂነሩ ሀዋሳ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ቤቱን እዚህ ያለ ሰው ይለካል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ፎርም ይሞላል፤ ዋጋውን ኢንጂነሩ እዚያ ሆኖ ከወረቀቱ ያወጣል። ቅርንጫፉም ሰፈሩን ሁሉ የሚያውቀው ማነው ቢል፣ ገነነ። ባለቤቱ አበራሽ ደስ ብሏት አዲስ ሸሚዝ ገዛችለት። የሰፈር ሰው «ባለሜትሩ» ይለው ጀመር። እሱ ግን እንደ ሰው አልተደሰተም። ፎርሙን ፈራው።

አብዛኛው ሣጥን ነበር፤ እሱስ ደግ ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ ነው አፈር፣ ኮርኒስ አለው የለውም፤ ምልክት ማድረግ ነው። መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ግን አንድ ባዶ መስመር አለች። «ሌላ ካለ ይገለጽ» ትላለች። ገነነ ከሁሉ የሚፈራው ይቺን ነው።

አንድ ጊዜ ሴቻ ላይ አንድ ቤት ለክቶ፣ ጣሪያው በነፋስ ተነቅሎ እንዴት እንደተሠራ ሊያስረዳ ሲል ጽሑፉ መስመሩን አልፎ፣ ኅዳጉን ዞሮ፣ ወደ ላይ ወጣ። የብድር ክፍሉ አቶ ሰይፈሥላሴ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለሠራተኞቹ አሳየ።

«ገነነ፣ ይኼ ፎርም ነው ወይስ ኩልፎ ወንዝ ሞልቶ ነው?» አለው። «መስመሩን ይዘህ ሂድ እንጂ ወንድሜ።»

ሰውዬው ለክፋት ብሎ አልነበረም፤ ጨዋታ ወዳድ ነው። ሁሉም ሳቁ፤ ገነነም አብሮ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከመስመሩ ወጥቶ አያውቅም። ያልበቃውን ይተወዋል።

እትዬ ዘሪቱ የመጣችው በሁለት ሺህ ሰባት ኅዳር ላይ ነው። ከላንቴ ሙዝ እየገዛች ለአዲስ አበባ መኪና የምትጭን፣ ሰው የሚያከብራት ነጋዴ ናት። ባሏ ጌታነህ ከሞተ ዓመት ሆኖታል። ከመጀመሪያ ሚስቱ የተወለዱት ልጆች ከሰሷት፤ ፍርድ ቤቱም እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ የልጆቹን ድርሻ በገንዘብ ከሰጠሽ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ካልሰጠሽ በሐራጅ ተሸጦ ትካፈላላችሁ አላት። ባንኩ ደግሞ ቤትሽ በደንብ ከተገመተ እናበድርሻለን አለ። እንግዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበት ቤት በዚያ ግምት ላይ ተንጠለጠለ።

ገነነ ሲሄድ ግቢውን አስጠርጋ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀብታ ጠበቀችው። አራት ክፍል፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ ወለሉ ሁሉ ሊሾ። ካርታዋ ንጹሕ ነው። በአንድ በኩል ከጎረቤቷ ከጋሽ ወልደየሱስ ጋር የሚለያቸው አጥር የለም፤ አንድ ትልቅ የሽፈራው ዛፍ ብቻ ነው መሃል ላይ የቆመው። ሁለቱም ቤት ቅጠሉን እየቀጠፉ ይበላሉ። ዛፉ ፎቶው ውስጥ እየገባ ስላስቸገረው ገነነ ወደ ጎን ሄዶ ነው ቤቱን ያነሳው።

ሁሉንም ሣጥን ሞልቶ መጨረሻዋ መስመር ላይ ደረሰ። ከዚያ በታች «ያልኩት ሁሉ እውነት ነው» ብላ የምትፈርምበት ቦታ አለ።

«እትዬ ዘሪቱ፣ ሌላ ነገር ካለ ይላል» አላት።

«ምን ዓይነት ሌላ?»

«እንጃ። የወሰን ነገር፣ የጎርፍ ነገር... ሰው የሚጽፈው እንደዚያ ነው።»

ዛፉን አየችው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ነገር ግን ዋሽቶ መፈረም ለእሷ ጎሜ ነው፤ ጋሞ ጎሜ ሲል ሰውን ተከትሎ ልጁ ላይ፣ ከብቱ ላይ፣ ማሳው ላይ የሚወርደውን መቅሠፍት ማለቱ ነው። በየዓመቱ ሥላሴን የምትሳለም ሴት ብትሆንም ይኼን ትፈራለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ኩልፎ ሞልቶ የወሰኑን ድንጋይ እንደወሰደው፣ ባሏና ጋሽ ወልደየሱስ ሁለት ዓመት እንደተካሰሱ፣ በመጨረሻ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ገብተው እንዳስታረቋቸው፣ ዛፉም የዚያን ቀን እንደተተከለ ነገረችው። «አልቋል» አለችው። «ሁለተኛ በአፋችን እንዳናነሳው ተማምለናል። አንተ የአገሬ ልጅ ስለሆንክ፣ ስለምፈርምም ነው የነገርኩህ።»

ገነነ ጻፈ። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው። «የወሰን ክርክር ነበረ» ብሎ ሲጨርስ መስመሩም አለቀ። «በሽማግሌ ታርቋል» የሚለው ቀረው። እስክሪብቶውን እንዳነሳ ቆየ። ኅዳጉ ባዶ ነበር፤ ለሁለት ቃል ይበቃል። አቶ ሰይፈሥላሴ ወረቀቱን ከፍ ሲያደርግ ታየው። ግድ የለም፣ ኢንጂነሩ ካልገባው ደውሎ ይጠይቃል ብሎ አሰበ፤ ድሮ ሲመጣ ጠያቂ ሰው ነበር። እስክሪብቶውን ከደነ። እሷም ፈረመች፣ ሙዝም አስይዛ ሸኘችው።

ኢንጂነሩ አልደወለም። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ ተመለሰ፤ የዋጋው ቦታ ባዶ ነው። የወሰን ክርክር ያለበት ስለሆነ ለመያዣነት አይቀርብም ይላል።

ገነነ ሦስት ጊዜ አነበበው። ቀስ ብሎ ስለሚያነብ ሦስቱም ጊዜ ቀስ ብሎ ገባው። በዕድሜው ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ፤ ስልክ ይደወልልኝ አለ። አቶ ሰይፈሥላሴ ገርሞት ደወለለት። ሠራተኛው ሁሉ ጆሮውን አቀና። ገነነ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጀመረ፤ ጎርፉን ብሎ፣ ዛፉን ብሎ፣ ሣሩን ብሎ፣ አማርኛው መሃል ላይ ከዳው። በጋሞኛ ቢሆን እንደ ውሃ ይፈስለት ነበር።

ኢንጂነሩ አልተቆጣም፤ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ወንድሜ፣ እኔ የማየው ወረቀት ነው» አለው። «ወረቀቱ ክርክር ነበረ ይላል፣ አለቀ አይልም። ጎረቤትየው ክርክር የለኝም ብሎ ቀበሌ ፈርሞ ከላከልኝ በሁለት ቀን እጨርስልሃለሁ።»

ትንሽ ነገር ነው የጠየቀው። አንድ ፊርማ።

ገነነ ለእሷ ሳይነግራት ጋሽ ወልደየሱስ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ሴት ልጁ ሉሊት ለመውለድ ደርሳ ቤቱ ገብታለች፤ በመስኮት ትታያለች። ገነነ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ስለ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ዝናብ ጠየቀ፣ ከዚያ ወረቀቱን አወጣ። ወልደየሱስ «ወሰን» የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁን አነሳ።

«እዚያ ላይ አቁም ልጄ።»

«ጋሼ፣ የለም ብለው ብቻ ነው የሚፈርሙት።»

«የሞተው ሞቷል ለማለት መቃብር ይከፈታል?» አለ ሽማግሌው። «ሣር ይዤ ምያለሁ። እሷም ምላለች። ያ ነገር ስሙ ቀበሌ ላይ ሲጠራ፣ ሲጻፍ፣ ማኅተም ሲመታበት ተነሣ ማለት አይደለም? ልጄ ደርሳለች፤ ታያታለህ። ደጋ ነው የተወለድከው፤ አንተ ንገረኝ። ልፈርም?»

ገነነ መልስ ነበረው። የሴትዮዋ ቤት ሊሸጥ ነው ማለት ይችላል፤ ወረቀት ብቻ ነው ማለት ይችላል። መስኮቱን አየ። እሱም ሁለት ልጆች አሉት፤ እሱም ያምናል። ወረቀቱን አራት አድርጎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ወልደየሱስ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ዘሪቱ ገንዘብ ካጠራት ጥጃዬን ልሽጥላት፣ እህቴ ናት አለ። ጥጃው የትም አያደርስም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

በማግስቱ ዘሪቱ ባንክ ድረስ መጣች። ሰምታለች። ገነነ ከነጥፋቱ ሊነግራት፣ ታርቋል የሚለውን እኔ ነኝ ያስቀረሁት ሊላት አሰበ። እሷ ግን ቀደመችው።

«ጋሽ ወልደየሱስ ፊት አነሳኸው?» አለችው።

«ለርስዎ ብዬ...»

«አውቃለሁ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ዳግመኛ እንዳትሄድ። ቤቱስ ይሂድ። ቤቱ ሄዶ ደግሞ ጎረቤቴን ልጣ?»

ጥፋቱን ሳይነግራት ሄደች። በኋላም አልነገራትም። አንድ ሁለቴ ላንቴ ድረስ ሊሄድ ተነሥቶ፣ ከመናኸሪያው ተመልሷል።

ቤቱ በሰኔ በሐራጅ ተሸጠ። ልጆቹ ድርሻቸውን ወሰዱ፤ ለእሷ የደረሳት ሲቀላ ላይ ሌላ ቤት አይገዛም። ላንቴ፣ ሙዝ የምትገዛቸው ገበሬዎች ጋ አንድ ክፍል ተከራየች። ገዢው ሀብተጊዮርጊስ የሚባል ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በዓመቱ ቤቱን አስይዞ ፎቅ ሊያስጀምር ለዚያው ባንክ አመለከተ፤ ባንኩም ገነነን ላከ።

ያንኑ ሜትር ይዞ ገባ። አራት ክፍል፣ ከኋላ ሁለት ክፍል ሰርቪስ። ቁጥሮቹ አልተለወጡም፤ ሳይለካ ሊሞላቸው ይችል ነበር፣ ግን ለካ። በወልደየሱስ በኩል አዲስ የብሎኬት አጥር ቆሟል። ዛፉ የለም፤ ፎቶ ለማንሳት ወደ ጎን መሄድ አላስፈለገውም። መጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ አነበበላቸው።

«ሌላ ምን ይኖራል? የለም በል» አሉት።

«የለም» ብሎ ጻፈ። ሦስት ፊደል ናት፤ ከመስመሩም ግማሹ እንኳ አልሞላ። ግምቱ በዘጠኝ ቀን መጣ፤ አቶ ሰይፈሥላሴ እንኳን ይኼን ያህል አልጠበቅሁም አለ። ፎርም አሞላልህ አማረ ብሎ ገነነን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ዘሪቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ትመጣለች፤ ወደ ድሮ ሰፈሯ ግን አትደርስም። ከሙዝ ጭነቱ አጠገብ ሲያገኛት እንደ ድሮው ትስመዋለች፤ ልጆቹን፣ አበራሽን፣ ጨንቻ ያሉ ዘመዶቹን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። በዚያን ሰሞን የጋሽ ወልደየሱስ የልጅ ልጅ መሄድ ጀመረ አሉ ብላ ደስ አላት። ከዚያ እንደ ዘበት ጠየቀችው።

«ዛፉ ግን አለ?»

ገነነ ዋሽቶ አያውቅም። ሜትሩን ከግራ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ።

«አለ» አላት።

«ተመስገን» አለች፤ ከሙዙም መርጣ ያዝ ለልጆች አለችው። ይዞ ሄደ። ማታ አበራሽ ሙዙን ለልጆቹ ስታካፍል ትንሿ አሳላት። ጉንፋን ነው አለች እናትየው። ገነነ ተነሥቶ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠና ሁለተኛውን ሳል መጠበቅ ጀመረ።