ጠጋ በሉ በሩን ስትዘጋ

ረዳቴን ተሳፋሪው ሁሉ የሚያውቃት «ጠጋ በሉ» በሚል ቅጽል ስም ነው። እኔ አውቶቡሱን እነዳለሁ፣ እሷ የኋላው በር ላይ ቆማ ትሞላዋለች። ኧረ መቆሚያ ጠፋ ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ስንቴ ተጣልተናል! «ሞልቷል» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ትንሿ ልጇ ታመመች። የደም ካንሰር ነው ተባለና ኬሞ ጀመሩላት። መጀመሪያ ደህና ነበረች፤ በሁለተኛው ዙር ግን መድኃኒቱ በሽታውን ሲያሳድድ ጤነኛውንም ደም ጠራርጎ ወሰደው። አፏ ቆስሎ ምራቋን መዋጥ አቃታት፣ ትኩሳቱም አልወርድ አለ። ደሟ እስኪያገግም የሰው ጉንፋን እንኳ ሊገድላት እንደሚችል፣ ወደተኛችበት ክፍል አንድ ጤነኛ አስታማሚ ብቻ መግባት እንዳለበት ሐኪሞቹ ነገሯት።

ይህን ለዘመድ ማን ያስረዳው? ሁሉም አቅፎ ካልሳመ የጠየቀ አይመስለውም። እኔም እንደ ወንድሟ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ጠጋ በሉ አፏን በጭምብል ሸፍና፣ በአንድ እጇ መቃኑን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሞልቷል» አለችኝ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ተናድጄ ነው የወጣሁት፣ ምን እደብቃለሁ።

የባሏ እናት ግን በዋዛ የሚመለሱ አይደሉም። ልጅቷን የሚገድላት መድኃኒቱ ነው፣ ቤቴ ልውሰዳት ብለው እያስነጠሱ መጡ። ጠጋ በሉ ወይ ፍንክች! መድኃኒቱ እንዴት እንደሚያሠቃያት በዓይኗ እያየች እንደሆነ፣ በሽታው ግን ከዚያም የከፋ እንደሆነ ነግራ መለሰቻቸው። አሮጊቷም ምራቴ ጨካኝ ናት ብለው ለዘመድ አዝማዱ አወሩባት። እሷም «ያኩርፉኝ፤ ልጄ ትዳን እንጂ መታረቁ ይደርሳል» አለችኝ።

ጉንፋኑ ሲለቃቸው ተመልሰው መጡ። አኩርፈው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን በክፍሉ መስታወት በኩል ያዩ ጀመር። ስትቃትት ሲያዩ እንባቸውን ይጠርጋሉ፣ ለምራታቸው ግን ቃል አይተነፍሱም።

አንድ ቀን የታጠበ ልብስ ላቀብላት ስሄድ ጠጋ በሉ ስትስል ሰማኋት። ደግማ ሳለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ማንም ውጪ ሳይላት እጇን ከመቃኑ አንስታ ወጣችና ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎ ይግቡላት።»

አሮጊቷ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ነርሷ ትኩሳታቸውን ለካቻቸው፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ጭምብል አድርገው ገቡ።

አመሻሹ ላይ ልጅቷ እማዬ እያለች ስትጣራ ጠጋ በሉ አልቻለችም። አንዴ ብቻ ልያት ብላ ወደ በሩ ተንደረደረች። አንጀቴን በላችው፤ እኔ ብሆን አስገባት ነበር። አሮጊቷ ግን ቀድመዋት መቃኑን ያዙ።

«ሞልቷል፣ ልጄ» አሏት።

ጠጋ በሉ እያለቀሰች ሳቀች። «ጎሽ፣ እማማ! እኔም ብለምንዎት እንዳይሰሙኝ» አለች።

ሳሏ ለቋት፣ የልጅቷም ትኩሳት ወርዶ ሐኪሞቹ እስኪፈቅዱ ድረስ አሮጊቷ ከዚያ በር ንቅንቅ አላሉም።