የእህቴ አገጭ

ታናሽ እህቴ ከአረብ አገር የተመለሰች ዕለት፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ከባጃጅ የምትወርደውን ሴት እንደ እንግዳ አየቻት። «እማ!» ስትላት ነው፣ በድምፅዋ ያወቀቻት።

የተለወጠው አገጯ ነበር። እህቴ ስትወለድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ትንሽ አገጭ ነበራት፤ ቁርጥ የአባታችንን። አባታችን የሞተው እሷ ጡት ሳትጥል ነው። ያኔ አርዲቦ ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ገጠር ነበርንና አንድም ፎቶ አልተነሳም። እናቴ እሱ ሲናፍቃት የእህቴን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ዝም ብላ ታያት ነበር። እኔም የአባቴን መልክ የማውቀው በእህቴ ፊት ላይ ነው።

ለእህቴ ግን መከራዋ ነበር። ተማሪ ቤት «አገጭ የለሽ» እያሉ አስለቀሷት። ካደገች በኋላም ሊያጫት የነበረ ሰው፣ እናቱ አይታት ከሄደች ወዲህ ድምፁን አጠፋ። በዚያው ሰሞን ነው አገር ለቃ የሄደችው።

ከሰዓት በኋላ ሊጠይቃት የመጣው ጎረቤት ሲወጣልን፣ «አገጭሽን እንዴት አድርገው ሠሩት?» አልኳት።

«በማደንዘዣ ያስተኙሻል። የታችኛውን ከንፈርሽን ገልብጠው በውስጥ በኩል ከድድሽ ሥር ይከፍቱታል፤ ጠባሳው በውጭ እንዳይታይ ነው። የአገጭሽን አጥንት በትንሽዬ መጋዝ ይቆርጡና ወደ ፊት ስበው በብረትና በጥቃቅን ብሎን ያስሩታል። ከዚያ መስፋት ነው። ብረቱ አሁንም እዚህ አለ።»

እናቴ ከጓዳ ትሰማ ኖሮ ብቅ አለች። «የቆረጡትን የት ጣሉት?»

እህቴ ሳቀች። «አልተጣለም እኮ እማ። ያው የራሴው አጥንት ነው፤ ወደ ፊት መጣ እንጂ።»

«አልሐምዱሊላህ፤ እንግዲያስ አለ» አለችና እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች። እንደ ድሮው በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ ጎንበስ ብላም ሳመችው። እህቴ ግን ዓይኗን ጨፍና ወሬዋን ቀጠለች፤ መሳሟን አላወቀችም።

«አልተሰማሽም?» አለች እናቴ።

እህቴ ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ከከንፈሬ በታች ደንዝዟል። ነርቩ ተነክቶ ነው። ይመለሳል ብለውኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ካሉኝ ዓመት አለፈው።»

እናቴ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ስታለቅስ ሁለታችንም ሰማናት።

በሳምንቱ እህቴን ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ አገጯን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ ይሰማት እንደሆነ ጠየቃት፤ ከዚህ በኋላ የመመለሱ ተስፋ ትንሽ እንደሆነም ሳይደብቅ ነገራት። ወደ ቤታችን፣ ወደ ሐይቅ ከተማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ እኔ ዞራ፣

«ግን ቆንጅቻለሁ፣ አይደል?» አለችኝ።

«ወላሂ ቆንጅተሻል። አብሽሪ እህቴ።»

እውነቴን ነበር። እሷ ግን ማልቀስ ጀመረች። ጉንጯን በሻርቧ ጠረገች፤ አገጯ ላይ የቀረውን እንባ አላወቀችም። እኔ ጠረግኩላት።