ማስታወሻ የማትጽፈው ኡናይሲ

ኡናይሲ ዕቃው ከካርቶኑ ሳይወጣ አስተያየቷ የሚወጣ ሰው ናት።

የሚታጠፈው ስልክ ከተማችን ሱቫ የገባ ሰሞን ከሽያጭ ክፍል አንዱ ሊያሳያት አምጥቶ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ሲያደርግ አየችውና፣ «ምን አጥፍቶ ነው የሚታጠፈው?» አለችው። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ እሷ ባለችበት ስልክ እንኳ አያነሳም። በሞተር ከፍ ዝቅ የሚል ጠረጴዛ ሲመጣልን ደግሞ፣ «ቆሜ መሥራት ብፈልግ ትራፊክ ፖሊስ እሆን ነበር» ብላ ዝቅ አደረገችውና ገመዱን ነቀለች። ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጨውን ኪቦርድ «ዳንስ ቤት» ትለዋለች። የራሷ ላፕቶፕ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሲነሳ ድምፁ ለመነሳት የቀረበ አውሮፕላን ነው የሚመስለው።

የምንሠራው ዋሉ ቤይ ወደብ ፊት ለፊት፣ ሎማ መርከቦች ከሚባለው ድርጅታችን ትኬት መሸጫ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። ከዋናው ደሴት ወደ ትናንሾቹ የሚሄዱትን መርከቦች ትኬት የሚቆርጠውን ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የጻፈችው እሷ ናት። እኔ ኢሲኬሊ፣ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ሁላችንም «ኔይ» እንላታለን፣ አክስት እንደማለት ነው። ለአክስትነቷ ግን ምላሷ ትንሽ ይረዝማል።

በኮድ አጻጻፍ ላይም እንዲሁ ናት። «ከኢንተርኔት ኮድ መገልበጥ በሰው የጥርስ ብሩሽ እንደመፋቅ ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ፣ ምን ይደበቃል፣ ዕድሜ ልኬን የፋቅሁት በሰው ነው። አርብ ዕለት አዲስ ኮድ ሥራ ላይ የሚያውል ሰው ስታይ፣ «ቅዳሜ ሲበላሽ የምትገኝበትን አድራሻ ትተህልን ሂድ» ትላለች። ከሁሉም አብልጣ የምትጠላው ግን ማስታወሻ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ከኋላው ለሚመጣው ብሎ «ይህን ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው» የምትል አጭር ነገር ከመስመሩ ጎን ያስቀምጣል። እሷ አታስቀምጥም። «ጥሩ ኮድ ራሱ ይናገራል። ማስታወሻ የሚለጥፍ ኮዱ ዲዳ የሆነበት ነው።» በአርባ ሺህ መስመር ውስጥ አንዲት ማስታወሻ የለችም። እኔም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን እንደ ትልቅ እምነት ቆጥሬላት ስከባከበው ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት ኒቲን የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከኦክላንድ መጣልን። ያደገው እዚሁ አጠገባችን ናውሶሪ ነው፤ ሲመለስ ግን ሻንጣው ሙሉ ዕቃ ነበር። ለእያንዳንዳችን እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት አደለን።

«ኔይ፣ ይኼ ለእርስዎ ነው» አላት፣ በሁለት እጁ ይዞ።

«አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ ጡረታ የወጣሁ ይመስለኛል። ምን ያደርጋል ይኼ?»

«በቀን ስንት እርምጃ እንደሄድሽ ይነግርሻል።»

«ማን ጠይቆት?»

ሰዓቱን ወሰደችና ለድመቷ አሰረችላት። ለአንድ ሳምንት ያህል ከድርጅቱ ብዙ የሄደ ሠራተኛ የእሷ ድመት ነበረች፤ ኒቲንም ሳያውቅ በስብሰባ ላይ አመሰገናት።

ቀጥሎ ያመጣው ኮድ የሚጽፈውን ማሽን ነው። ትጠይቀዋለህ፣ ይጽፍልሃል፤ የተጻፈ ስታሳየው ጥፋቱን ይነግርሃል። ኡናይሲ አንድ ከሰዓት ስታዋራው ውላ «ሰባኪው» ብላ ስም አወጣችለት። «መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ከዚያ ሳይጠየቅ ይናገራል፣ ሲሳሳትም ድምፁ አይንቀጠቀጥም» አለች። የእኛን ቄስ የሚያውቅ ሁሉ ሳቀ።

በነሐሴ የእህቷ ልጅ ስታገባ ለሁለት ሳምንት ወደ መንደሯ ሄደች። ኒቲን ይህን ሲጠብቅ ኖሯል፤ በሄደች በማግስቱ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ኢሲኬሊ፣ እሷ ሳትኖር ያንን አሮጌ ኮድ ከማሽኑ ጋር ሆናችሁ አጽዱልኝ።»

«ስትመጣስ?»

«ስትመጣ የጸዳ ቤት ታገኛለች።»

አጸዳን። ሰባኪው በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር ላይ ቆመ። ከጋው ደሴት ወደ ሱቫ በምትመጣው የሐሙስ መርከብ ላይ ብቻ፣ የሚሸጠው ወንበር በሁለት ይቀነሳል። ምክንያት የለም። ለምን ይሆን ብዬ ብጠይቀው፣ ሰባኪው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ካመሰገነኝ በኋላ ግልጽ ስህተት ነው አለ። እውነቱን ልናገር፦ ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስለ ጥርስ ብሩሽ ስሰማ ኖሬ የኔይን ስህተት በእጄ ያዝሁ። ፎቶ አንስቼ ሽያጭ ክፍል ላሉት ሁሉ ላክሁና መስመሩን ደመሰስሁት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጧት ስልኬ ጮኸ። የጋው ጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሲስተር ታራይቪኒ ናት። ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ለዓመት የሚበቃኝን ሰማሁ።

«ሁለቱ ወንበሮቼ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ ወንበሮች?»

«ኡናይሲን አቅርብልኝ።»

«ሠርግ ሄዳለች።»

«እንግዲያው አንተው ስማኝ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ይዣለሁ፤ እግሯም ፊቷም አብጧል፣ የደም ግፊቷ ሰማይ ነክቷል። ዛሬ ሱቫ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ካፒቴኑ መርከቧ ሞልታለች ይላል። ሐሙስ ሐሙስ ለእኔ በሽተኛ ሁለት ቦታ ተርፎ ያልጠበቀኝ ቀን የለም።»

ፎቶ ያነሳሁባት መስመር ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ወደ ካፒቴን ዋይሳሌ ደወልሁ።

«አንድ ሰው ብትጨምርስ?»

«ሕይወት አድን ጃኬቱ በተሳፋሪው ቁጥር ልክ ነው፣ ልጄ። ቆጥሬ ነው የምነሳው። ቆይ ግን፣ ስልኩን አትዝጋ።»

ወደ ጀርባው ሲጮህ ይሰማኛል፤ ታማሚ አለች፣ የሚወርድ አለ ወይ ይላል። መርከቧ ላይ ለቅዳሜ ግጥሚያ ወደ ሱቫ የሚመጣ የደሴቲቱ ራግቢ ቡድን ነበር። ሌሊቱን ያቋና የሚባለውን የሚያፈዝ የሥር መጠጥ ሲጠጡ አድረው እንቅልፍ ያንገላታቸው ሁለት ግዙፎች ተነሱና ሳያንገራግሩ ወረዱ።

«ሁለት ወረዱ» አለኝ ካፒቴኑ። «መርከቧ ግን አራት የወረዱ ያህል ነው ከፍ ያለችው።»

ሴትዮዋና ሲስተር ታራይቪኒ ተሳፈሩ። ልጅቷ በማግስቱ በቀዶ ሕክምና ተወለደች፤ እናትም ተረፈች። ሁለቱን አጥቂዎች ያጣው ቡድን ግን ቅዳሜ ሠላሳ አራት ለሦስት ተሸነፈ። የጋው ሰዎች ልጅቷን ይቅር ብለዋል፤ ቢሯችንን ገና ናቸው።

ሰኞ ኡናይሲ ከሠርጉ የተረፈ፣ በኮኮናት ወተት የበሰለ ጣሮ የሚሉትን ጎደሬ ይዛ ገባች። ነርሷ ነግራታለች። ኒቲን ከቢሮው ወጥቶ ቆመ። እኔ ቀድሜ ተናዘዝሁ፦ የደመሰስሁት እኔ ነኝ፣ ፎቶውንም የላክሁት እኔ ነኝ።

ስድብ ስጠብቅ፣ «ለምን እንደተቀነሰ የተጻፈ ነገር ነበር?» አለችኝ።

«አልነበረም፣ ኔይ።»

«ታዲያ አንተ በምን ታውቃለህ? ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፏ ሰምቼ ስለማላውቅ ሠርጉ ላይ ታማ የመጣች መሰለኝ። ተቀመጠችና ነገረችን። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ እኔ ሳልቀጠር፣ እግሩ የመረቀዘ አንድ ሽማግሌ መርከቧ ሞልታ ጋው ቀረ። በሳምንቱ ሱቫ ሲደርስ እግሩን ቆረጡት። ሲስተር ታራይቪኒ ደውላ አለቀሰችባት። የዚያን ጊዜውን አለቃ ወንበር ለታማሚ እናስቀምጥ ብትለው፣ መርከብ እንጂ አምቡላንስ አይደለንም አላት። እሷም እሺ ብላ ወጣችና መስመሯን ጻፈች።

«ማስታወሻ ብጽፍበት አንብቦ ያስወጣው ነበር» አለች። «አንዱ ላይ ጽፌ አንዱ ላይ ብተው ደግሞ ያስታውቅብኛል። ስለዚህ ማስታወሻ የሚባል ነገር አልወድም አልኩ። ደጋግሜ ስለው ጊዜ እኔም አመንኩት።»

ያ ሁሉ «ጥሩ ኮድ ራሱ ይናገራል» የሁለት ወንበር ሌብነት መሸፈኛ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለት አዲስ ተቀጣሪዎችን በዚህ ቃል አስለቅሻለሁ።

ኒቲን የአሥራ አራት ዓመቱን ሐሙስ በሁለት ወንበር ዋጋ በጣቱ ማባዛት ጀምሮ ነበር። የእጅ ሰዓቱ በመሃል ጮኸና ልብህ በፍጥነት እየመታ ነው፣ እባክህ ተቀመጥ አለው። ተቀመጠ። ጣሮ ሰጠችው፤ በላ።

«በሁሉም መርከብ ላይ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ግን ተጽፎ። በደብዳቤም፣ በኮዱም።»

ያን ከሰዓት ሙሉ ኡናይሲ የሕይወቷን የመጀመሪያ ማስታወሻ ስትጽፍ ዋለች። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። ለሰባኪው ብታሳየው አመስግኖ ማሳጠር ይቻላል አላት፤ ምን ብላ እንደመለሰችለት እዚህ አልጽፍም፣ እናቴ ታነባለች።

ሥራዋን ስትጨርስ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ኬሊ፣ ሌሎችም አሉ።»

«ሌሎች ምን?»

«እንዲህ ያሉ መስመሮች። ስድስት ናቸው።»

በሳምንት አንድ አንድ እያለች አሳየችኝ። አንዱ፣ መምህር የሆነ ሰው በትምህርት መክፈቻ ሳምንት ዘግይቶ ቢደውልም ትኬቱ እንዳይሰረዝበት የሚያደርግ ነው። አንዱ ደግሞ በስሙ ለአንድ ነጋዴ የተጻፈ ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት በትኬት ቆራጯ ፊት ምራቁን ተፍቷል፣ ከዚያ ወዲህ በመስኮት በኩል ወንበር አግኝቶ አያውቅም። ይቅርታ ሲጠይቅ ይነሳለታል አለች። አምስቱን እየተሳሳቅን ማስታወሻ ጻፍንላቸው።

ስድስተኛውን አላሳየችኝም። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ሮቲ የሚባለውን ቂጣ ገዝቼ ባባብላት አልሆነም። ሰባኪውን በድብቅ ብጠይቀው ሁሉም ነገር ትክክል ነው ብሎ አመሰገነኝ።