ዘጠነኛው ሜትር

ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው። ከግንበኞቹ በፊት ግን መሬቱን የምትመረምር ሴት መጣች። ሰማያዊ ቱታዋ ከጉልበቷ በታች ጭቃ ብቻ ነው፤ እርሳሷ ጆሮዋ ላይ ተሰክቶ ይውላል። መሰርሰሪያው ማሽን ከጥልቅ የሚያወጣውን እንደ ሻማ ድቡልቡልና ረዥም የሆነ አፈር በእንጨት ሣጥን ውስጥ በየሜትሩ ትደረድራለች። ከእያንዳንዱ ትቆነጥርና በፊት ጥርሷ ታኝካለች፤ እንትፍ ትላለች፤ ከዚያ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች።

«እህቴ፣ አፈር ትበያለሽ እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን ልብስ እያሰጣሁ።

«ኧረ እቀምሳለሁ እንጂ! ጥርስ ላይ ከተንቀጫቀጨ ደለል ነው፤ እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ግን ሸክላ አፈር ነው፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ይህን ሳያውቁ መሠረት ቢጥሉ የልጆቹ ክፍል ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል።»

ትናንት ጠዋት ዘጠነኛው ሜትር ወጣ። ቆነጠረች፣ አኘከች፤ እንትፍታው ግን ቀረ። ደግማ ቆነጠረች። ለሦስተኛ ጊዜ እጇን ስትሰድ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሽማግሌ ሞተሩን አጠፉ።

«ልጄ፣ ይሄ ምርመራ ነው ወይስ አምሮት?»

በጭቃማ እጇ አፏን ሸፍና ሄልሜቷ እስኪወድቅ ሳቀች። «ጋሼ፣ እባክዎ! ለእናቴም ገና አልነገርኳት።»

«ከእኔ አይወጣም» አሉና ወደ በረንዳዬ ቀና ብለው ልብስ የማሰጣውን እኔን አዩኝ። የልብስ መቆንጠጫውን ከንፈሬ ላይ ሰክቼ አሳየኋቸው።

ሽማግሌው ደብተሯን አነሱ። «እና ዘጠነኛው ሜትር ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«ይጣፍጣል ተብሎ!»