ወፍ አልሆንም ያለው አርመን

ዘንድሮ በዋናው ከተማ ትምህርት የጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመቴ ነው። መምህራችን ስለ መንግሥትና ስለ ሕግ ሲያስተምሩን፣ የውጭ አገር ሰዎች ስለ አገራችን የጻፉትን አንዳንድ ጊዜ ያነቡልናል። እሳቸው ሲያነቡ እኔ የማስበው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው መጽሐፍ አልጻፈም፤ አሳቡን ግን ለጎባ ሰው ሁሉ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም፣ ሲናገር ኖሯል። መምህራችን በአገራችሁ ያያችሁትን ጻፉ ስላሉን ስለ እሱ እጽፋለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ለመጻፍ እጠነቀቃለሁ።

አባቴ ከመንዝ ተነሥቶ ከጦሩ ጋር ወደ ባሌ የወረደ ወታደር ነው። ጎባ ያኔ ገና ከተማ መሆን የጀመረች ሰፈር ነበረች። የገዢው ግቢ ከጉብታው ላይ፣ የወታደሩ ጎጆ በግቢው ዙሪያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከጥዶቹ መሀል ነበር። ሮቤ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ገበያ የሚቆምባት ሜዳ ነበረች፤ በሌላው ቀን ፈረስ ይግጥባታል። እኔ የተወለድኩት እዚያው ስለሆነ ኦሮምኛና አማርኛ አብረው ነው አፌን የፈቱት።

ሰውዬው አርመን ነበር። ከባሕር ማዶ እንደመጣ ሰው ሁሉ «ሙሴ»፣ አቶ እንደ ማለት፣ ብለን እንጠራዋለን። ከቱርክ አገር ሸሽቶ በሐረር በኩል ገባ፣ በጊኒር ነጋዴዎች መሀል ጥቂት ዓመት ኖረ፣ ከዚያ ጎባ መጥቶ ቤት ሠራ። ጊኒር ስለኖረ ኦሮምኛው ከአማርኛው የተሻለ ነበር። አማርኛ ሲማር «እርስዎ» ማለትን አልተማረም፤ ለገዢውም ለእረኛውም «አንተ» ነው የሚለው፤ ሰውም ለምዶታል። ሥራው ጠመንጃ መጠገን ነበር፤ ኮርቻና ልጓምም ይሰፋል። በአገሩ ሌላ ጠመንጃ የሚጠግን ሰው ስላልነበረ ወታደሩ ደጁ ላይ ተራ ይዞ ይቀመጣል። ተራ የያዘ ሰው ደግሞ ሳይወድም ይሰማል።

«ይህችን ከተማ የሠራችኋት ጠላት ለማየት ነው» ይላል ሙሴ፣ ዓይኑን ከሞረዱ ሳያነሣ። «ውሃ ለመቅዳት አይደለም። ሴቶቻችሁ ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ሽቅብ ይወጣሉ። ጦርነቱ አልቋል። ለምን ወደ ወንዙ አትወርዱም?»

«ከወረድን ማን ይጠብቀናል?» ይለዋል አንዱ።

«ከማን?»

ወታደሮቹ እርስ በርስ ይተያዩና ወሬ ይለውጣሉ።

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ደመወዝ ይነሣል። «ንጉሡ ለወታደር የሚከፍለው ሲያጣ ገበሬ ይሰጠዋል። ገበሬ ደመወዝ ነው? ደመወዝ ይርበዋል? ደመወዝ ልጅ ይወልዳል?»

«ሙሴ፣ ባለፈው ሳምንት ለጠመንጃዬ የሰጠሁህ ማር ከማን ቀፎ የመጣ መሰለህ?» አለው አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ወታደር።

ሙሴ ሞረዱን አቆመ። «እሱን አላሰብኩም» አለ። ወታደሩ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። በማግስቱ ግን ያንኑ አሳብ ከመጀመሪያው ጀመረው። ወሬ ከዋናው ከተማ ሲደርስ ደግሞ «ይህ ወሬ መንገድ ላይ አርጅቷል፤ እዚያ ነገሩ ተለውጦ ይሆናል» ብሎ ደስታውንም ሐዘኑንም ያቀዘቅዝብናል። አባቴ ይወደው ነበር፤ ነገር ግን ሰምቶ አይጨርሰውም። «ሙሴ፣ አንተ ቃታዬን አስተካክልልኝ፤ መንግሥቱን ለባለቤቱ ተውለት» ይለዋል። እንደ አባቴ ሁሉም ከመሀል ያቋርጡታል። አንድ ሰው አሳቡን እስከ መጨረሻው ሲሰማለት አይቼ አላውቅም፤ እኔም ሁልጊዜ ከመሀል ስለምላክ መጨረሻው ምን ይሆን እያልኩ እገረም ነበር።

አንድ ጊዜ የአባቴ በቅሎ ጠፋች።

በቅሎዋን የሚጠብቅልን አንድ የኦሮሞ ገበሬ ነበር። መሬቱ ለአባቴ ስለተመራ የአባቴ ገባር ነበር፤ ቤቱም ከእኛ ቤት በታች ነበረ። ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው። ከብት ጠፍቶ ካልተገኘ መጨረሻ በእጁ የነበረው ሰው እንዲተካ ይፈረድበታል። ገበሬው ደግሞ የሚተካበት ሁለት በሬዎቹ ብቻ ነበሩ። የገብስ እርሻ ሊጀመር ነው። በሬዎቹ ከተወሰዱ አያርስም፤ ካላረሰ ለቤተሰቡ የሚያበላው አይኖርም። አባቴ ሰውዬው ሰርቋል ብሎ አላመነም፤ ሆኖም በቅሎዋን አጥቷል። ነገሩ አገሩን ለሚያስተዳድረው ሹም፣ ለመልከኛው፣ ደረሰና መልከኛው አውጫጭኝ አዘዘ።

አውጫጭኝ ሲታዘዝ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅም ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ሰባት ሽማግሎች ለብቻቸው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰው በተራው ቀርቦ ይምልና ያየውን ወይም የሰማውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። በመጨረሻ ሽማግሎቹ ተነሥተው «ወፍ ነገረችን» ይላሉ። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ትልቅ ነውር ነው።

አዋጅ ነጋሪው ፈረንጅ ይጠራ አይጠራ ማንም ስላልነገረው የሙሴን ደጅ ዝም ብሎ አለፈው። ሙሴ ግን በርጩማውን ተሸክሞ በራሱ መጣና ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ሙሴ ጥያቄውን ጀመረ።

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«እንበሰብሳለን» አሉት ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ሰው።

«ሌባው ራሱ እዚህ ተቀምጦ ቢሆንስ?»

«ተቀምጧል እንጂ። ወዴት ይሄዳል?»

«እሱም ቀርቦ ይምላል?»

«ይምላል።»

«ታዲያ ይህ ምን ይጠቅማል?»

«አንተም ተቀመጥና እየው» አሉት ሰውዬው ጋቢያቸውን እየተከናነቡ።

አባቴና ገበሬው ከፊት ለፊታችን ነበሩ። ከሳሽና ተከሳሽ ስለሆኑ በሥርዓቱ መሠረት የአባቴ ነጠላ ጫፍ ከገበሬው ነጠላ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል። አንዱ ሲነሣ ሌላው አብሮ ይነሣል። እናቴ የላከችውን የገብስ ቆሎ አባቴ እየዘገነ ለገበሬው እጅ ያደርግለት ነበር። ሁለቱም አብረው ይቆረጥማሉ። ከዚያ ገበሬው በኦሮምኛ እንዲህ ሲል ሰማሁት።

«ከወሰድካቸው ለያይተህ እንዳትሸጣቸው። አንድ ላይ መጠመድ ለምደዋል።»

አባቴ ቆሎውን መቆርጠም አቆመ።

ሙሴም ሰምቶት ነበር። ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ ጠየቀኝ። «የጠፋችው በቅሎ ቀይ ልጓም ያላት ናት?»

«አዎ፣ ሙሴ። ልጓሙን እርስዎ ነዎት የሰፉት።»

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ሙሴ ዝም ሲል ከዚያ በፊት አላየሁም። በዚያው ሰሞን ከጊኒር ቆዳ ገዝቶ መመለሱን አውቅ ነበርና ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ተከተልኩት። የሚያየው የመልከኛውን አሽከር ነበር። አሽከሩ ጥቂት እልፍ ብሎ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ያንን ጠመንጃ የጠገነው ሙሴ ነው።

የእኔ ተራ ደረሰ፤ ቀርቤ ምዬ፣ አላየሁም አልሰማሁም ብዬ ተመለስኩ። ቀጥሎ ሙሴ ተጠራ። ከሰባቱ ሽማግሎች ሦስቱ ሰፋሪዎች፣ አራቱ የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። በዕድሜ የሚበልጡት፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙት የኦሮሞ ሽማግሌ፣ በእጃቸው ጠሩት።

«ቀረብ በል፣ ሙሴ። በጆሯችን ንገረን።»

ሙሴ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። «በጆሮ አልናገርም» አለ።

«ሥርዓቱ እንዲህ ነው።»

«በእኔ አገርም ሰው በጆሮ ይናገር ነበር። አንድ ሰው ስለ አባቴ በሹም ጆሮ ተናገረ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አባቴን ወስደውት አልተመለሰም። እኔ ወፍ አልሆንም።»

ከዚያ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ ቀጥሎም በአማርኛ ተናገረ። «ቀይ ልጓም ያላትን በቅሎ በጊኒር መንገድ አየኋት። የሚጎትታት ያ ሰው ነበር» አለና አሽከሩን በጣቱ አሳየ።

የአሽከሩ እጅ ወደ ጠመንጃው ሄደ። ገበሬው አንገቱን ደፋ፤ አባቴ የተቋጠረውን ነጠላ በእጁ ጨብጦ ያዘ።

ጥምጥም ያላቸው ሽማግሌ ቀስ ብለው አጠገባቸው ወዳለው ዞሩ። «ሙሴ ምን አለ?»

«አሳለው መሰለኝ» አሉ እኚያኛው። «ይህ ነፋስ ለባሕር ማዶ ሰው አይሆንም።»

«ሳል ነው» አሉ ሦስተኛው።

አባቴ ከተቀመጠበት ጮክ ብሎ «ትናንትም ሲያስለው ነበር» አለ።

«አላሳለኝም» አለ ሙሴ። «ተናገርኩ።»

«እዩት፣ ደገመው» አለ ከመሀል አንድ ወጣት። «ማር በሙቅ ውሃ ስጡት።» ሳቁ ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሄደ። ሳል ነው፣ ሳል ነው እየተባለ በሁለቱም ቋንቋ ሜዳውን ዞረው። እኔም ሳል ነው አልኩ። አሽከሩ ሰዉን ግራ ቀኝ አየና እሱም ሳቀ። ሳይስቅ ቢቀር በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሰማው እሱ ብቻ ይሆን ነበር። እጁንም ከጠመንጃው አነሣ።

ሽማግሎቹ የቀረውን ሰው ሁሉ፣ አሽከሩን ጨምረው፣ በተራው ሰሙ። ከዚያ ተነሡና ጥምጥም ያላቸው ሽማግሌ ተናገሩ። «ወፍ ነገረችን። በቅሎዋ በሕይወት አለች። የያዛት ሰው ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ይልቀቃት። ካልለቀቃት ወፏ ስም ትጠራለች።»

በማግስቱ ጠዋት በቅሎዋ አጥሩ ሥር ስትግጥ ተገኘች። ቀዩ ልጓም ብቻ አልነበረባትም። አባቴና ገበሬው አብረው ሄደው አመጧት፤ በሽማግሎቹ ፊትም አባቴ ራሱ የነጠላውን ቋጠሮ ፈታው።

ሙሴ ተቀየመ። በዚያ ሰሞን ጠመንጃ ሲጠግን አፉን አልከፈተም፤ ወታደሮቹም ደጁ ላይ ሲቀመጡ የሆነ ነገር እንደጎደለባቸው ያስታውቅ ነበር። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ።

«ያ ሁሉ ሰው ዋሸ» አለው ሙሴ።

«ማን ዋሸ? ሳልክ።»

«ቀልድህን ተው።»

አባቴ ተቀመጠ። «ሰምተንህ ቢሆን ሰውዬው ስሜ ጠፋ ብሎ ይከስህ ነበር። ጌታው ከጎኑ ይቆማል። አንተን ዋስ ጥራ ይሉሃል። እዚህ አገር ማን አለህ? ዘመድ የለህም፤ ቤትህ ከመንገዱ ዳር ነው። ወፍ ግን ዋስ አትጠራም።»

«ሌባውስ ምን ሆነ?»

«በቅሎዋን አጣ።»

«ይህ ፍርድ ነው?»

«በሬዎቹ እበረታቸው ናቸው» አለ አባቴ።

ሙሴ ራሱን ነቀነቀ። «ገበሬውስ? በደጄ ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል፣ ይሄዳል። አንዲት ቃል የለም። ጥሩ ነገር ያደረግሁለት መስሎኝ ነበር።»

«ካመሰገነህ ተናግረሃል ማለቱ ነው» አለ አባቴ። «እንዴት ያመሰግንሃል?»

ከዚህ በኋላ በሆነው ነገር ላይ እኔም ነበርኩ። የአባቴን ጠመንጃ ላመጣ ሄጄ ተራ ስጠብቅ ገበሬው መጣና ከወታደሮቹ መጨረሻ ተቀመጠ። ጠመንጃ የለውም፤ የሚሰፋ ኮርቻም አልያዘም።

«አንተ ምን ልታስጠግን ነው?» አለው አንዱ።

«ተራዬን እጠብቃለሁ» አለ።

ወታደሮቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ የአባቴ ጠመንጃ ገና ስላልተጠገነ እኔ ቀረሁ። ተራው ሲደርስ ወደ ሙሴ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

«ነጋ?» አለው፤ በኦሮምኛ ሰላም ነው ማለቱ ነው።

«ነጋ» አለ ሙሴ።

ገበሬው በትሩን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። «አንተ ብዙ አገር አይተሃል» አለው በኦሮምኛ። «ይህን መንግሥት እንዴት ታየዋለህ?»

ሙሴ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ሞረዱን አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ጠረገ። መጀመሪያ በቀስታ ነበር የጀመረው፤ ከጉብታውና ከውሃው። ከዚያ ወደ ደመወዙ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ዳኞቹ፣ ከዚያ ወደ ወሬው። ወታደሮቹ ሁልጊዜ የሚያቋርጡበት ቦታ ሲደርስ በልማዱ ቆም አለ። ገበሬው አላቋረጠውም። «ኤዬ»፣ አዎ፣ ብሎ ጠበቀው። ሙሴም ቀጠለ፤ እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼው ወደማላውቀው ክፍል ገባ። አንድ ሕግ የሚጻፍ ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ አለ። ሰው ስሙን ጠርቶ ተናግሮ፣ ማታ በሰላም ቤቱ የሚተኛበት አገር አንድ ቀን ማየት እፈልጋለሁ አለ። በስተመጨረሻ ስለ አባቱ ተናገረ፤ ስለ አገሩም ስለ ቤታቸውም። ከብቱ ከግጦሽ እየተመለሰ በደጁ ሲያልፍም አልጨረሰም ነበር። ገበሬው ዓይኑን ከፊቱ ላይ አላነሣም።

ሙሴ ሲጨርስ ደክሞት ነበር። «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ጠየቀው።

ገበሬው በትሩን ተመርኩዞ ተነሣ። «እኔ ነገ በማለዳ በሬዎቼን እጠምዳለሁ» አለ። ደጁ ላይ ሲደርስ ዞሮ ጎንበስ አለለትና ሄደ።

የአባቴ ጠመንጃ የዚያን ቀን ሳይጠገን ቀረ።