ለዘነቡ ጥርስ በሽሎ የወረድን ጊዜ

አምና የቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሲታደስ ግንበኛው ጉድጓድ ውስጥ የከመረውን ኖራ ውሃ አጠጣውና ኖራው እየተንተከተከ ያጨስ ጀመር፣ ያን ጊዜ ያ የጋለ ድንጋይና የእርጥብ አመድ ሽታ ሲመታኝ ሳላውቀው አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች «ምነው አባ፣ ጭሱ ነው?» ቢሉኝ «አዎ፣ ጭሱ ነው» ብዬ ዘወር አልኩ። ጭሱ አልነበረም። ያ ሽታ የበሽሎ ነጭ ድንጋይ ሽታ ነው፣ ከአባቴ ጋር የድንጋይ ጥርስ ፍለጋ የወረድን ለት የሸተተኝ ነው።

እኛ የስማዳ ደገኞች ነን። ቤታችን ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር፣ ከደጃችን ቆሞ ወደ ታች ሲያዩት የበሽሎ ሸለቆ እንደ ተከፈተ አፍ ይታይ ነበር፤ ክረምት ሲሆን ጉም ይሞላውና ምንም አይታይም፣ ከጉሙ ሥር ግን የወንዙ ጩኸት ቀንና ሌት ይሰማ ነበር። ሰው ሁሉ ያን ሸለቆ ይፈራው ነበር። የሚፈራውም ስለ ገደሉ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ስለ ንዳዱ ነው፤ ዛሬ ወባ የምንለውን ያን ጊዜ ንዳድ እንለው ነበር። ቆላ መውረድ የግድ የሆነበት ሰው ምድሩ ደርቆ ነፋሱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይወርዳል እንጂ ዝናብ ባቆመ ማግሥት የሚወርድ ደገኛ አልነበረም፣ የወረደም እንደሆነ ጎረቤቱ እንደ ሬሳ ይሰናበተው ነበር።

ያን ዓመት ክረምቱ ከብዶ ነበር። እህቴ ዘነቡ የበልግ ዝናብ ሲጥል ተወልዳ፣ በነሐሴ ድዷ አበጠ፣ ሆዷ መሄድ ጀመረ፣ የጠባችውን ሁሉ እያስታወከች ከሰው እጅ እንደ ቅቤ ትቀልጥ ጀመር። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ታለቅስ ነበር፣ በኋላ ግን ማልቀሱንም ተወችው፣ እናቴም ዝም ስትልባት እየደነገጠች ጆሮዋን ከአፏ ላይ ታደርግ ነበር። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ መጥታ አፏን ከፍታ አየችና «ግግ ነው» አለች። በኛ አገር ግግ የሚሉት ድድ ውስጥ የተደበቀ ክፉ ጥርስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ አውጭዋ ሴትዮ ድዱን በስለት ሰንጥቃ ገና ያልበቀለውን ጥርስ ፈልቅቃ ታወጣዋለች። ከኔ በታች ከዘነቡ በላይ የተወለደ አንድ ወንድም ነበረን፣ በዚያ ስለት ደሙ አልቆም ብሎ እናቴ ጭን ላይ ነው ያለቀ።

«እታለም፣ ይችንስ አላስነካም» አለቻት እናቴ አክስቴን።

«ያኛው ቀኑ ደርሶ ነው፣ በስለት አልሞተም» አለች አክስቴ። «አንች እንዲህ ታቅፈሽ ታለቅሻለሽ፣ ልጅቱ እንደሆነ እያለቀች ነው። ለመስቀል ማግሥት ሴትዮዋን ጠርቻታለሁ፣ ብትወጅም ባትወጅም ትመጣለች።»

አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። የራሷን ልጆች ሁሉ ግግ አስወጥታ አሳድጋለች፣ የዳነ ሲበዛ የሞተው አይቆጠርም። አባቴ የምሳር እጀታ እየጠረበ ሲሰማ ቆየና «የድንጋይ ጥርስ ብናስርላትሳ?» አለ። አክስቴ ይኸንስ እምቢ አላለችም፣ እሷም ታውቀዋለችና። በኛ ዘንድ ከቆላው ነጭ ድንጋይ የተለቀመ ጥርስ በክር አንገቱ ላይ የታሰረለት ሕፃን ድዱን ስለት አይነካውም፣ ጥርሱ በራሱ ጊዜ ይወጣል ይባል ነበር፣ ያን ማተብ አልፎ ስለት የሚያነሣም ሰው አልነበረም። ነገር ግን ሥርዓት ነበረው። ጥርሱን የሚያነሣው እጅ የወተት ጥርሱን ያለ ስለት የነቀለ ልጅ እጅ መሆን አለበት፤ ጥርሱም የሚገኘው ዝናቡ ድንጋዩን አጥቦ ሣሩ ከማልበሱ በፊት ነው፣ ይኸውም ንዳዱ እሳት በሚሆንበት ጊዜ ማለት ነው። አባቴና አክስቴ ዘወር ብለው እኔን አዩኝ። የፊት ጥርሶቼ በዚያው ክረምት ወልቀው ነበር።

«ታኅሣሥ ይሁን» አለች እናቴ።

«ታኅሣሥን ማን ያያታል?» አለ አባቴ፣ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተናገረም። እሱ አንድ ጊዜ ካለ አለ ነው።

የመስቀል ለት ደመራው ጢሱ ሳይጠፋ ተነሣን፣ አክስቴም እስክንመለስ ድረስ ሴትዮዋን ልታቆያት ቃል ሰጠች። አባቴ ነጭ ሽንኩርት አስቆረጠመኝ፣ ፌጦ አስዋጠኝ፣ አፍንጫችንንና አፋችንን በነጠላ ጠመጠመ፣ ንዳድ በቆላ አየር ይገባል ይባል ነበርና። ውሃ እንዳትጠጣ፣ ጥንቅሽ እንዳትነካ፣ ከማሽላው ውስጥ እንዳትገባ እያለ እየመከረኝ ወረድን። ከአንገታችን በላይ እንደ ሙሽራ ተሸፍነን፣ ከጉልበታችን በታች ራቁታችንን ነበርን።

ገደሉን ጨርሰን ጥቁሩ ድንጋይ አልቆ ነጩ ሲጀምር ሙቀቱ እንደ ምጣድ ፊቴን መታኝ፣ ያ የኖራ ሽታም በነጠላው አልፎ መጣ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ላይ ሲወጡ አገኘናቸው። አባቴ እጄን ስቦ ከመንገዱ አወጣኝ። ተሸካሚዎቹ ሰላምታም አልሰጡን፣ ከጋቢው ሥር ያለው ሰው ሲንቀጠቀጥ ቃሬዛው ሁሉ አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጥርሱም ሲንገጫገጭ ይሰማኝ ነበር። ካለፉ በኋላ አባቴ ወደ ላይ ወደ አፋፉ ተመለከተ፣ እኔም የሚመለስ መስሎኝ ደስ አለኝ። ነጠላዬን አጠበቀልኝና ወረድን።

ከታች ሞላ የሚባል ቆለኛ ነበር፣ ቅዳሜ ገበያ ማሽላ ይዞ እየወጣ ከአባቴ ገብስ ጋር የሚለዋወጥ፣ ቀጭን፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው። ሲያየን እስኪያስለው ሳቀ።

«አያ ቢምረው፣ ምነው ጎራዳ መሆንህን ልትደብቀኝ ነው?»

«ጠረናችሁን ሽሽት ነው» አለው አባቴ።

«ጠረናችን መች ገደለ! የገደለን ሌላ ነው፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅነውም።» ወደኔ ዞረና «አፍህን ክፈት እስቲ፣ ጥርስ ፈላጊው። ወይ ጉድ፣ ባዶውን ነው የመጣ!» አለኝ።

ሥራውን ያስተማረኝ ሞላ ነው። ውሃ የሸረሸረው ነጭ ዳገት ላይ ወስዶ ቀንድ አውጣ የሚመስሉ ድንጋዮች አሳየኝ፣ ከጥፋት ውሃ የቀሩ ናቸው አለኝ። «ጥርስ ብለህ አትፈልግ፣ አታገኘውም። ፀሐይን ፊት ለፊት አድርገህ ጎንበስ በልና የሚያብለጨልጭ ፈልግ። ጉንዳን አፈር ያወጣበትንም እይ፣ እሷ ከኛ ትሻላለች» አለኝ። እኔ ግን ያየሁትን ሁሉ አነሣ ነበር። እሾህ አመጣሁ፣ የፍየል ሰኮና ስባሪ አመጣሁ፣ ጥቁር ጠጠር አመጣሁ፣ ሞላም እያንዳንዱን ተቀብሎ «ይኸ የአክስትህ ጥርስ ነው» እያለ ይወረውረው ነበር። አባቴ መሬት ላይ የሆነ ነገር ቢያይ እንኳ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆም ነበር፣ ማንሣት ያለብኝ እኔ ነኝና።

ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ምንም አላገኘንም። ሞላ ሳቁን ትቶ «አያ ቢምረው፣ በቃችሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይ ውጡ ወይ ቤት ግቡ፣ በዚህ ሰዓት እኛም ከውሃው ዳር አንቆምም» አለ። አባቴ «ባዶ እጄን ለእታለም ምን እላታለሁ? ልጅቱን በስለት ልታሳርዳት ነው» አለና እጄን ይዞ ከዳገቱ ሥር ወዳለው ኩሬ ወረደ፣ እዚያ አፈሩ ገና በጎርፍ የታጠበ ነበር። ውሃው አይንቀሳቀስም፣ ሣሩ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ የክር ያህል የቀጠነ ድምፅ ይሰማ ነበር። አባቴ ባቱን በባቱ ያክ ነበር። «ነጠላህን አትግለጥ!» ይለኝ ነበር፣ እኔም አልገለጥኩም።

የመጨረሻው ብርሃን ዳገቱን በጎን ሲመታው ከጉንዳን አፈር ላይ አንድ ነገር አብለጨለጨ። የአውራ ጣት ጥፍር ታህል ነበረች፣ ቡናማ፣ ጫፏ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ከሥሯ ሁለት እግር ያላት። ሳነሣት ጣቴን ቆረጠችኝ። «አባየ!» ስል መጣና ተንበረከከ፣ አልነካትም፣ ዝም ብሎ አያት። «የማንም አውሬ ይሁን፣ ጥርስ ናት» አለ። ሲስቅ ዓይኑ ብቻ በነጠላው መካከል ይታየኝ ነበር።

ሞላ እዚያው እንድናድር ለመነን፣ ቤቱ ግን በኩበት ጭስ ታፍኖ ዓይን አያስገልጥም ነበር። እኔን በጉልበት ጎትቶ ከልጆቹ መካከል አስተኛኝ። አባቴ «ይኸ ጭስ አየሩን ያከብደዋል፣ ንፁህ ነፋስ ይሻለኛል» ብሎ ደጅ ሰፊ ድንጋይ ላይ አፍንጫውን ሸፍኖ ተኛ። ሞላ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ጠራው፣ አባቴ ግን አንድ ጊዜ ካለ አለ ነው።

በማግሥቱ ወጣን፣ አክስቴም ያችን ጥርስ በብርሃን አገላብጣ አየችና ምንም ሳትል ክሩን ፈትላ ራሷ ለዘነቡ አሰረችላት፣ ሴትዮዋንም መለሰቻት። ጥርሲቱ አዳነቻት ብዬ አልምልም፤ ዝናቡ አቁሞ ዝንቡ ሲቀንስ ሆዷ ያዘ፣ መጥባት ጀመረች። ስለት ግን አልነካትም፣ ይኸን ያደረገችው ጥርሲቱ ናት።

በጥቅምት ገብስ ደረሰ። አባቴ ማጭዱን ይዞ ከፊት ይመራን ነበር፣ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ «ብርድ ብርድ አለኝ» ብሎ ነዶው ላይ ተቀመጠ። እናቴ ይኸን ስትሰማ እጇ ላይ ያለው እንስራ ወደቀ። ጋቢ ላይ ጋቢ ጨመሩበት፣ አልጋው ከሱ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን ይተወዋል፣ አንድ ቀን ይይዘዋል፣ በሚተወው ቀን ተነሥቶ ሊያጭድ ይሞክር ነበር። ጠበል አጠጡት፣ ነጭ ሽንኩርት ወቀጡለት። ያን የጥርስ መንገጫገጭ አውቀዋለሁና ከቤት እየወጣሁ ጆሮዬን እይዝ ነበር። ኅዳር ሳይጋመስ ሞተ።

በዚያ በጋ አውድማው ላይ በሬዎቹን የነዱት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጥር ላይ እናቴ ዘነቡን ስታጠባ «ውይ!» አለች፣ እኛም ተሯሩጠን መጣን። ነክሳት ነው። አክስቴ ጣቷን አስገብታ ዳሰሰችና «ሁለት ናቸው» አለች፣ ከዚያ ሁለቱም ሴቶች አብረው አለቀሱ፣ ሲላቀሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቆላው መንገድ ወጥቶለታል። አምና በጥቅምት ከደብረ ታቦር የመጡ ተማሪዎች መንገድ ጠይቀውኝ ወረዱና በነጋታው እንደዚያችው ያለ ጥርስ በላስቲክ ይዘው ወጡ፣ ሻርክ የሚባል የባሕር ዓሣ ነው፣ አገሩ ባሕር ነበረ አሉኝ። ለኔና ለአባቴ የድንጋይ ጥርስ ነው፣ አልተከራከርኳቸውም። እግራቸውን የትንኝ መከላከያ ቅባት ሲቀቡ አይቼ ግን ቁጭ አልኩ። አፍንጫቸውን የሸፈነ አንድም አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ ቢያተኩሰው ጤና ኬላ ጣቱን ወግተው ኪኒን ይሰጡታል፣ በሳምንቱ ይስቃል።

ዘነቡ ንፋስ መውጫ ከልጇ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ልጠይቃት ሄጄ ስለ ተማሪዎቹ ነገርኳት።

«አባየ ለኔ ጥርስ ብሎ ሞተ» አለች።

«በትንኝ ነው የሞተ። ዛሬ ሕፃን የሚያውቀው ነው።»

«ትንኟ ጋ ማን አደረሰው?»

«ራሱ ነዋ! እማየ ታኅሣሥ ስትለው፣ ሞላ ግባ ሲለው፣ እምቢ ያለው ራሱ ነው። አንች ምን አደረግሽ?»

«የኔ ወንድም፣ አንተ ብትሆንስ ታኅሣሥን ትጠብቅ ነበር?»

ተቆጣሁ፣ መቋሚያዬን ፈለግሁ፣ ልነሣም ነበር። በኋላ ግን «አልጠብቅም» አልኳት። ዛሬ ቢሆን እግሬን ተቀብቼ ኪኒኑን በኪሴ ይዤ እወርዳለሁ። ያን ጊዜ ቢሆን ግን እንደሱው አፍንጫዬን ሸፍኜ እወርድ ነበር።