ባለቤት የለውም ብዬ የጻፍኩት ጫካ

እርሳስ በምላጭ ሲቀረጽ የሚወጣው ሽታ አለ አይደል፣ ጽድ ጽድ የሚለው? ትናንት ለልጄ ልጅ ስቀርጽላት ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ጣቴን ቆረጥኩ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ እንኳ ንዴቴ አልበረደም።

ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ፣ ከሰፈራችን በላይ፣ የጽድና የወይራ ጫካ ነበረ። አጥር አልነበረውም። መንገደኛው ከብቱን ያሳርፍበታል። ዝናብ ሲዘገይ የደብሩ ቄስ የነበሩት አባቴ ሕዝቡን ይዘው ለእግዚኦታ ይወጣሉ፤ ከመንገድ ዳሯ ከተማ ደግሞ ሼኹ ሰዎቻቸውን አስከትለው ለዱዓ ይመጣሉ። እርጥብ እንጨት አይቆረጥም። ነፋስ የጣለው ቅርንጫፍ አራስ ላለችበት ቤት ነው፤ ክርስቲያን ትሁን እስላም የሚጠይቅ የለም። እዚያ ውስጥ ቆሞ «የኔ» ማለት ግን ትልቅ ነውር ነበር። «የኔ» ያለ ሰው የአገሩን ዝናብ ያስቀራል ይባል ነበር።

እኔ ውሃ ልቀዳ ስሄድ እንስራዬን አስቀምጬ ጆሮዬን ከትልቁ ጽድ ግንድ ላይ እለጥፋለሁ። ከውስጥ ዝግ ያለ ማጉረምረም ይሰማኛል። ለአባቴ ብነግራቸው አልሳቁብኝም። «ጸሎት እያደረሰ ነው፤ አታቋርጪው» አሉኝ። ደፈረች አትበሉኝና፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የሚባዝነው ልቤ እዚያ ይሰበሰብልኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ መሠረተ ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀት በተቀበልኩ ሰሞን፣ አንድ ወጣት ካድሬ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ታሞ ስለነበር «የቄሱ ልጅ እጅ ጽሕፈቷ ያምራል» ተባለና ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተጠራሁ። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ኩራቴ ለጉድ!

ካድሬው ጫካው ውስጥ ሰበሰበንና «ይሄ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የእግዜር ነዋ» አሉ አባቴ።

«የአላህ ነው፤ የማን ሊሆን ኖሯል!» አሉ ሼኹ።

«እሱን ተዉትና፣ ከእናንተ ውስጥ የእኔ ነው የሚል አለ?»

አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ አፉን ቢከፍት ምናለ! ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ዝናቡ እንዳይቀር ፈርተው ነው። ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ «ባለቤት የለውም ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። ፊደሎቹን እንዴት እንዳሳመርኳቸው! ሽማግሎቹ በየተራ አሻራቸውን አኖሩበት። አባቴ ማንበብ አያቅታቸውም፤ ዳዊት ደጋሚ ናቸው። ግን «የልጄን ጽሑፍማ ምን አነበዋለሁ» ብለው ደስ እያላቸው ፈረሙ። አንብቢልን ያለኝ የለም፤ እኔም ላንብብላችሁ አላልኩም።

ወር ሳይሞላ መጋዝ መጣ። ለጦር ሰፈር ነው ተባለ። ያ ካድሬ «ሰፊው ሕዝብ» ከአፉ አይጠፋም ነበር፤ ሰፊው ሕዝብ ፊቱ ቆሞ ሲያለቅስ ግን ሰዓቱን ያያል። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው መጋዙ ፊት ቆሙ። ካድሬው ወረቀቱን አውጥቶ «ይሄ የማን ፊርማ ነው፣ አባ?» አላቸው። ያን ጊዜ ገና አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ። ምነው በገረፉኝ!

ዛሬም በየስብሰባው «ባለቤት የሌለው መሬት» ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰው ያረፈበት፣ የጸለየበት፣ አራስ የሞቀችበት መሬት እንዴት ነው ባለቤት የሌለው? ተነሥቼ እወጣለሁ።

በዓመቱ ዝናብ ዘገየ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ወደዚያው ወጣ። ከጉቶ በቀር ምንም የለም፤ ጉቶው ላይ ደፍሮ የተቀመጠ ሰው ግን አላየሁም። ሼኹ ዱዓቸውን ጨርሰው ብቻቸውን ሲቆሙ ጠጋ አልኩ።

«ያን ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አዋ፣ አጠገብሽ ነበርሁ።» ጉቶዎቹን አየት አድርገው «እኔ የአማርኛውን ፊደል አላውቀው። እንደው ምን ብለን ኖሯል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«እንዲያ አላልንም፣ ልጄ» አሉ። ፀሐዩ አናቴን ሲያነደኝ አይተው የጋቢያቸውን ጫፍ ራሴ ላይ ጣል አደረጉልኝ።